ቀስተ ደመና የጠቆመች ጣት

ሞምባሳ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1981

ለእናቴ ልጅ ለኞካቢ፣

ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ወረቀቱ ላይ የምታዪው ጠብታ እንባ እንዳይመስልሽ፣ ላብ ነው። ባልሽን ሙግዌን ሰላም በይልኝ። አማትሽን ትልቋን ዋንጌቺን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ትንሿን ዋንጌቺን ደግሞ ጆሮዋን ቆንጥጪልኝ፤ ሰባተኛ ክፍል ደርሳ አጎቷን በጥያቄ ማፋጠጥ ጀምራለቻ!

አዎ፣ ከደብዳቤሽ ግርጌ የጻፈችው ደርሶኛል። «የቀስተ ደመና እግሩ የት ነው የሚያርፈው? ሾሾ አያቴ ወንዙ ውስጥ ነው ትላለች። ፓስተሩ የኖኅ ቃል ኪዳን ነው እንጂ እግር የለውም ይላሉ። አንተስ?» ብላኛለች። ይኸው እኔም ሦስተኛ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ።

እግር የለውም በያት። ቦታ ራሱ የለውም። ፀሐይ ከኋላ፣ ዝናብ ከፊት ሲሆን ብርሃኑ ጠብታዋ ውስጥ ይገባል፤ ሲገባ ይታጠፋል። ከጠብታዋ ጀርባ ነጥሮ ይመለስና ሲወጣ እንደገና ይታጠፋል። ቀዩ ትንሽ ነው የሚታጠፈው፣ ሐምራዊው ይብሳል። ስለዚህ ተቃቅፈው የገቡት ቀለሞች ተለያይተው ይወጣሉ። አንዲት ጠብታ ወደ ዓይኗ የምትልክላት አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ሌላውን ሌሎቹ ጠብታዎች ይልካሉ። አጠገቧ ለቆመ ሰው ደግሞ የሚልኩት ሌሎች ጠብታዎች ናቸው። ሁለት ሰው አንድ ቀስተ ደመና አይቶ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱ አለው።

አማትሽን እንዳታስቀይሙብኝ ግን። የእሷ ሙኩንጋ ምቡራ፣ ያ ከፏፏቴው ሥር ወጥቶ ዝናቡንም ላሙንም የሚውጠው የቀስተ ደመና አውሬ፣ እኩለ ቀን ላይ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ይተኛል አይደል የምትለው? ልክ ናት። በእኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ቀስተ ደመናው ከምድር በታች ይውላል፤ የሚታየው ጠዋትና ወደ ማታ ነው። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ በደንብ ስታይ ኖራለች።

ትንሿ ዋንጌቺ ካላመነች ትለካው። ወደ ማታ ዝናቡ ሲያባራ ኮረብታው ላይ ወጥታ ጀርባዋን ለፀሐይ ትስጥ። የራሷ ጥላ ጭንቅላት የት እንዳረፈ ትይ። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ ከጥላዋ ራስ ጀምራ ወደ ላይ ሁለት ስንዝር ትለካ። ሁለተኛው ስንዝር ቀዩ ላይ ካላለቀ መምህርነቴን ትቼ ኮኮናት እሸጣለሁ። አርባ ሁለት ዲግሪ የሚሉት እሱን ነው። እናታችን ብትኖር ግን ይሄን ደብዳቤ ትቀድደው ነበር። ወደ መቃብርና ወደ ዱባ አበባ ስንጠቁም እንኳ ክፉው እንዳይዘን አስሩንም ጣታችንን አንድ በአንድ ታስነክሰን የለ? ወደ ቀስተ ደመናማ የጠቆመ ጣቱ ይጣመማል ነበር የምትለው። የእኔ ይኸው እስካሁን ቀጥ እንዳለ ነው።

ስለ ፍየሉ ጠይቀሽኛል። ሙግዌ ልጅቱ ከቤት ሳትወጣ ለእናቷ ወንድም የሚገባውን ፍየል ልስጥ ማለቱ ጨዋነቱ ነው። ግን ተዉት። የምኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ፍየሉን ከአልጋዬ እግር ጋር ልሰረው? በኖቬምበር ፈተናዋን ካለፈች ናይሮቢ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ሽጦ ጫማ ይግዛላት። ፍየል አልፈልግም፣ አልቀበልም፣ በቃ።

ወንድምሽ ንዲራንጉ


ካንጌማ፣ ሜይ 3 ቀን 1981

ወንድሜ ንዲራንጉ፣

ሙቀቱ እንደ ቅቤ ሳያቀልጥህ ይህ ደብዳቤ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። በቆሎው በቅሏል፣ ጥቁሯ ላም ወልዳለች፣ ሻይ ቅጠሉ ለመልቀም ፋታ አልሰጠንም።

ዝም ያልኩህ ተቀይሜ እንዳይመስልህ። ደብዳቤህ በደረሰ ቀን አነበብኩላቸው። በዚህ ቤት ደብዳቤ የአንድ ሰው እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ አማቴ ምድጃው አጠገብ ሳትቀመጥ ፖስታ አይከፈትም። ስለ ጠብታው ሳነብ ፀጥ ብለው ሰሙ። ሙግዌ «ይሄ ሰውዬ እውነትም ተምሯል» አለ። አማቴ እኩለ ቀን ላይ ልክ ናት ያልካት ቦታ ላይ ስደርስ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ብላ ሳቀች። ፍየሉን ከአልጋ እግር ጋር ልሰረው ወይ ያልከው ጋ ስደርስ እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ። ቀና ስል ለካ የምስቀው ብቻዬን ነው።

ሙግዌ ተነስቶ ወጣ። አማቴ የተናገረችውን አልጽፍልህም፤ ምን አለች ብለህም አትጠይቀኝ።

ዋንጌቺ ለካችው። በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ኮረብታው ላይ ወጥታ ክንዷን ዘረጋች። «እማዬ፣ ሁለት ስንዝር! ልክ ሁለት!» እያለች ቁልቁለቱን እየዘለለች ስትወርድ የቤተ ክርስቲያን ደወል እንደያዘች ነበር የምትጮኸው። ሌላም አንድ ከበላዩ አይታለች፤ ቀለሙ ተገልብጦ ቀዩ ወደ ውስጥ የሆነ። ለምን እንደሚገለበጥ ጠይቂልኝ ብላሃለች። ሾሾዋ ሻይ ቅጠሉ መሀል ቆማ ሁሉንም አየች።

በራሷ እጅ ያልጻፈችልህ እጇ ስላልተመቻት ነው። እንጨት ስትለቅም እሾህ ወግቷት ይሆናል፤ አመልካች ጣቷ አብጧል። ትንሽ ነው።

የኦገስት ዕረፍት ሩቅ ነው አይደል? ከዚያ በፊት ብቅ ማለት አትችልም? እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።

እህትህ ኞካቢ


ሞምባሳ፣ ሜይ 13 ቀን 1981

ለእናቴ ልጅ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ፤ ረጅሙም፣ ያቺ ሦስት መስመሯም። የሦስት መስመሯን መልስ ላስቀድም። «ፍየሉን ተቀበል፣ ምን ይጎዳሃል?» ብለሽኛል። እኔን አይጎዳኝም፤ እናንተን ነው የሚጎዳችሁ። አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ለፍየል ጠበቃ የቆምሽው? ሙግዌ ከተቀየመ ይቅር ይበለኝ፣ ኦገስት ላይ መጥቼ እግሩ ሥር እወድቃለሁ። ግን ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ለእኔ እንዲሰጥ አልፈልግም። ወንድምነቴ በፍየል አይለካም። ይሄን ለሁሉም አንብቢላቸው፣ በሙሉ ድምፅ።

ከዚያ በፊት መምጣት አልችልም። የሁለተኛ ደረጃ አራተኛ ዓመቶቹን ፊዚክስ የማስተምር እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው መምህር ወደብ ውስጥ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ጥሎን ሄደ። ዳይሬክተሩ ጥርሴን ሲያመኝ እንኳ በጥርጣሬ ነው የሚያየኝ።

ለዋንጌቺ ንገሪያት፦ በሁለተኛው ቀስተ ደመና ብርሃኑ ጠብታዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው የሚነጥረው። ለዚህ ነው የሚገለበጠውም የሚደበዝዘውም። በሁለቱ መሀል ያለው ሰማይ ጠቆር እንደሚል አይታለች? ካላየች ትይ። ጎረቤቴ ሽማግሌው ባሕረኛ ደግሞ የዝናብ ደጋን ነው ይላል። «ፍላጻውስ?» ስለው «ፍላጻው እኛ ነን» አለኝና ሄዶ ዓሣውን ጠበሰ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ሦስት ማዕዘን የብርጭቆ ቁራጭ አለ፤ ፕሪዝም ይባላል። ጫፉ ስለተሸረፈ ከትምህርት ቤቱ ሊጣል ሲል ነው ያዳንኩት። በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ላይ ትያዘው፣ ግድግዳው ላይ ጉድ ታያለች።

ጣቷስ? ክሊኒክ ወሰድሻት? በሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ግርጌ ጽሕፈቷን አላየሁም። እሾህ ነው ብለሽኝ የለ፣ እሾህ ይሄን ያህል ይቆያል እንዴ?

ንዲራንጉ


ካንጌማ፣ ሜይ 24 ቀን 1981

ንዲራንጉ፣

ይሄን በፖስታ አልላክሁትም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ልጅ ወደ ሞምባሳ ወደብ ሊሄድ ነው፣ በእጁ ነው የሰጠሁት። ቴሌግራም ብልክ የሞተ ሰው ያለ ይመስልሃል። ገና የሞተ የለም።

የዋንጌቺ ጣት ታጥፏል፤ አይዘረጋም። እብጠቱ መዳፏን አልፎ አንጓዋ ጋ ደርሷል። ሌሊቱን ትቃጠላለች፣ ቀን ቀን ደግሞ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እጇን እንደ ጨቅላ አቅፋ ትውላለች። አንተ ብርሃን ይታጠፋል ብለህ ጻፍክ፤ እዚህ የልጄ ጣት ታጠፈ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ደብቄሃለሁ። ወንድሜ፣ ረግመሃታል እያሉህ ነው ብሎ የሚጽፍ እጅ አልነበረኝም። እንግዲህ ስማው። አማቴ ቀስተ ደመናው አይደለም ትላለች። «ቀስተ ደመና ባዕድ ነው። የሰው ልጅ ጣት የሚያጣምመው የእናት ወንድም አፍ ነው። ፍየሉን አንዴ ገፋው፣ ሁለቴ ገፋው። ፍየል የገፋ ምርቃት ነሳ።» ሁለተኛውን ደብዳቤህን በሙሉ ድምፅ አንብቢላቸው ብለኸኝ አልነበር? አነበብኩት። ደግነትህ ነው ብዬ ማልኩላቸው። አማቴ «የምን ደግነት ነው አልቀበልም የሚል?» አለችኝ። 

አሁን አጎቷ መጥቶ እጇ ላይ እፍ ብሎ ሳይመርቃት የሐኪም ብረት አይነካትም ይላሉ። ከነካት ሕመሙ ምላጩን ሸሽቶ ክንዷን ይዞ ይወጣል፣ ልቧ ጋ ይደርሳል ይላሉ። አንድ ጠዋት ማንም ሳያየኝ ይዣት ወደ ክሊኒክ ወጣሁ። ሙግዌ መንገድ ላይ ደረሰብን። አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። አቧራው ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። «ብትሞትብኝስ? የእናቴ ስም እኮ ናት» አለኝ። ያን ሰው ረግጬ ላልፍ ነው? ተመለስኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈርቻለሁ። አላምንም እላለሁ፤ ግን ያንን ስለ ፍየሉ ያልከውን እየሳቅሁ ሳነብ የልጄ ጣት ደህና ነበር።

ትናንት ዋንጌቺ ምን እንዳለችኝ ልጻፍልህ። «እማዬ፣ ፈተናው ኖቬምበር ነው፤ በግራ እጅ መጻፍ በስንት ወር ይለመዳል?» አለችኝ። ፕሪዝምህን በግራ እጇ ይዛ ነበር።

ሳይንስህን ተው አልልህም። ሳይንስህንም ምራቅህንም ይዘህ ና። ዳይሬክተርህ ጥርስህን ያውልቀው። በእናታችን አጥንት፣ ና።

ኞካቢ


ሞምባሳ፣ ጁን 21 ቀን 1981

ለእናቴ ልጅ፣

በሰላም ገብቻለሁ፤ ፍየሉም ገብቷል። አማትሽ በእግሩ ደጅህን ካልረገጠ አልተሰጠም ስላለች ከነነፍሱ ነው ያመጣሁት፤ ከናይሮቢ በዕቃ ፉርጎ ተጭኖ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሹመኛ ሲናገር አድሯል። አሁን ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ታስሯል። ያየውን ሁሉ ስለሚውጥ ተማሪዎቼ ሙኩንጋ ምቡራ ብለውታል። ረቡዕ ዕለት የሦስተኛ ዓመቶቹን የፈተና ወረቀት በላ። ዳይሬክተሩ ምን እንዳለኝ አልጽፍም፣ ለሁሉም ነው የምታነቢው።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ለብቻሽ አንብቢው።

ጥያቄሽ ደርሶኛል። «ያን ቀን አምነህ ነው ያደረግከው ወይስ ለእኛ ብለህ?» ብለሽኛል። ስመጣ ባቡር ውስጥ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ለሙግዌ ስለ ቁስል፣ ስለ መግል፣ ስለ ደም መመረዝ በሥርዓት ላስረዳው። ቤታችሁ ገብቼ የዋንጌቺን እጅ ሳይ ንግግሩ ሁሉ ከራሴ በነነ። የማሩን ጠጅ አማትሽ በቀንድ ሰጠችኝ። በአፌ ሞልቼ የልጅቱ እጅ ላይ እፍ ስል፣ ምን ልዋሽሽ፣ ይዳን ብዬ ነው እፍ ያልኩት። ካለኝ እስትንፋስ ሁሉ። በዚያች ደቂቃ ምን አምን እንደነበር ብትጠይቂኝ አላውቅም፤ ምን እፈልግ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ምርቃቱንም አላውቀውም ነበር፣ አይተሻል። አማትሽ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ክንድሽ ይቅና በል! ቀለም ይቅናሽ በል!» እያለች ስታስደግመኝ ፈገግ እንዳልሽ አይቼሻለሁ። ቃሉን እንደጨረስኩ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? መኪናው የታለ?» ብላ የጮኸችው ማን ናት? እሷው! ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ከሁላችንም ቀድማ የሻይ ቅጠሉ መኪና ላይ የወጣችው እሷ ናት። ሳምንታት ሙሉ እኔ ማስረጃ፣ እሷ ፍየል ስንጠብቅ የከረምንበትን በር አንድ ጉንጭ ጠጅ ከፈተው።

ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ…» ብሎ የተወው ዓረፍተ ነገር አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል። ማን ነው ያዘገየው? አማትሽ እኔን ጠበቀች፤ አንቺ እኔን ሸፈንሽ። እኔ ደግሞ ለሰው ቤት ጫማ ቢገዛ ይሻላል ብዬ ከሩቅ ፈረድኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ ሳይመጡ መናገር እንዲህ ነው። አዝኛለሁ ኞካቢ። ሌላ የምለው ቃል የለኝም።

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «የሚያይ ሰው ከሌለ ቀስተ ደመና አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠብታው አለ፣ ብርሃኑም አለ፤ ዓይን የሚቆምበት ቦታ ከሌለ ግን ቀስተ ደመና የሚባል የለም አልኩት። ደወሉ ተደውሎ እንኳ ቆሜ ቀረሁ። ያ ጠጅስ እንዲሁ ይሆን? አላውቅም። ይሄን ለፓስተሩ እንዳትነግሪብኝ።

ለዋንጌቺ፦ ብዕሩን በአውራ ጣትና በመሀል ጣት ትያዘው፣ የታጠፈችዋ ከላይ ትረፍ። በየቀኑ አንድ ገጽ። ቢንጋደድም ይንጋደድ። ከገጾቹ አንዱን ትላክልኝ።

ንዲራንጉ


ካንጌማ፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1981

ለአጎቴ ለንዲራንጉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ፍየሉ እንዴት ነው? እማዬ አንተ መኖርህን ከመጠየቄ በፊት ፍየሉን በመጠየቄ ተቆጥታኛለች፤ ስለዚህ አንተም እንዴት ነህ?

ይሄን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። ያኔ የላክሁልህ ገጽ ዶሮ የሄደችበት ይመስላል ብለሃል፤ አሁን የተማረች ዶሮ ነች። ጣቴ የመጀመሪያው አንጓ ላይ እንደታጠፈ ቀርቷል። ጠባሳው እስከ መዳፌ ወርዷል፤ ስለዚህ እጄ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። አያመኝም። የክፍሌ ልጆች መንጠቆ ይሉኛል፤ እኔም ጆሯቸውን እየያዝኩበት ነው።

ስለ ፈተናው ጠይቀኸኛል። ሒሳቡን በጊዜ ጨርሻለሁ። የድርሰቱ ላይ ግን እጄ ስለሚደክም ሳልጨርስ ሰዓቱ አለቀ፤ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነጥብ እንኳ አላደረግሁም። ውጤቱ ባለፈው ሳምንት መጣ። የናይሮቢው አልደረሰኝም። እዚሁ የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ የሠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። የእናቱን ስም ስለያዝኩ አባዬ «እማዬ፣ እግዚአብሔር ከአጠገቤ አትራቂ ሲልሽ ነው» ብሎ ደስ ብሎታል። ሾሾም ደስ ብሏታል። እኔ ደስ አላለኝም፤ ግን እሄዳለሁ። የፊዚክስ መምህር የለውም አሉ። ይሄን እንዲያው ለመረጃ ያህል ነው የጻፍኩልህ።

ሾሾ የነገረችንን ተረት ታስታውሳለህ? ሙኩንጋ ምቡራ ሲያዝ «ጣቴን ቁረጡት» ብሎ፣ ጣቱ ሲቆረጥ የዋጣቸው ላሞች ሁሉ ከነጥጃቸው የወጡት? ሐኪሙ ጣቴን የቀደደው ቀን ላሞች አልወጡም። ለሾሾ ስነግራት «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ምን ውጠሽ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ።

ፈተናው ባለቀ ሰሞን ነው። ወደ ማታ ዝናቡ አባራና ፀሐይ ከኋላችን ወጣች። እኔና ሾሾ ኮረብታው ላይ ሻይ ቅጠል እየለቀምን ነበር። ከወንዙ ማዶ ቀስተ ደመናው ወጣ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ከላዩ ሁለተኛው፤ በመሀላቸው ያለው ሰማይም አንተ እንዳልከው ጠቆር ብሎ ነበር። ከዚያ ነገር ወዲህ ሾሾ ቀስተ ደመና ሲወጣ እጄን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቀዋለች። ያን ቀን ቅርጫቷ ሞልቶ ስለነበር አልደረሰችብኝም።

«ሾሾ፣ አጎቴ ሁለት ሰው አንድ ቀስተ ደመና አይቶ አያውቅም ይላል» አልኳት።

ሾሾ ቅርጫቷን አስተካከለች። «ታዲያ ያኔ የጠቆምሽው የራስሽን ከሆነ፣ ማን ይቀየምሻል?» አለች። ቀጥላ «እኔና አንቺ ግን አንድ ስም ነን፤ የምናየውም አንድ ነው» አለች። እንደዚያ አይደለም አልኳት። «ነው» አለች። ተውኳት።

ከዚያ ልለካው ብዬ ክንዴን ዘረጋሁ። ከጥላዬ ራስ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። አልደረሰም። ስንዝሬ አጥሯል አጎቴ። ሁለተኛው ከቀስተ ደመናው በታች ባዶ ሰማይ ላይ አለቀ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እጄን በጉልበት ልከፍተው ሞከርኩ። የናይሮቢው እንዳልደረሰኝ ስሰማ እንኳ አላለቀስኩም፤ ያን ቀን ግን እሪ ብዬ አለቀስኩ።

ሾሾ ቅርጫቷን አወረደች። አጠገቤ መጥታ ቆመችና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠች።

«ከየት ነው የሚጀመረው?» አለችኝ።

«ሾሾ ተዪ፣ አንቺ አትጠቁሚም…»

«ከየት ነው አልኩሽ!»

«ከጥላሽ ራስ።»

ክንዷን ዘረጋች። በሕይወቷ ወደዚያ እጇን አንስታ አታውቅም። ጣቶቿ በሻይ ቅጠል ጠቁረው ነበር። አንድ ስንዝር ለካች። ከዚያ ላይ ሁለተኛውን አደረገች። ከእኔ በኩል ሲታይ እጇ ሌላ ቦታ ነው፤ የእሷን ማየት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ጠየቅኳት።

«የት ደረሰ ሾሾ?»

 አፏን ከፍታ ታያለች።

«ቀዩ ላይ» አለች። «ልክ ቀዩ ላይ። ጉድ እኮ ነው!»

እጇን አወረደችና «ለአጎትሽ ጻፊለት። ዋንጌቺ ለካችው፣ ሁለት ስንዝር ሙሉ ነው በይው» አለችኝ።

ከዚያ አስሩንም ጣቶቿን አንድ በአንድ ነከሰች። ስትጨርስ የእኔን እጆች ይዛ እነሱንም መንከስ ጀመረች። የታጠፈችው ጋ ስትደርስ አየቻትና «ይቺ ከፍላለች» ብላ አለፈቻት።

ዋንጌቺ